ስለ ማርጌቱ «የደንቆሮዎች መጠለያ»

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። እንግሊዝ አገር ስላለው ስለ ኬንት ባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም፣ ለኔ ብቻ አራት ሰው በቴሌግራም ልኮልኛል «ያንቺ ሰፈር ወጣልሽ» እያለ። ማርጌት ስኖር 14 ዓመቴ ነው፣ ስለዚ ደስ ብሎኝ ቡና አፍልቼ ነው ለማንበብ የተቀመጥኩት። አቦሉን ጠጥቼ ቶናው ሳይደርስ ደሜ ፈላ።

«በ1792 ማርጌት ውስጥ የደንቆሮዎች መጠለያ ተከፍቶ ነበር» ትላላችሁ። አለቀ። ነጥብ። ቀጥሎ ስለ ሠዓሊው ቫን ጎግ።

ቫን ጎግን አልጠላውም፣ ይጻፍለት። ግን ሰውዬው ጎረቤታችን ራምስጌት ያስተማረው ከ1876 ሚያዝያ ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሁለት ወር ገደማ ነው፣ ያውም ያለ ደሞዝ፣ ለምግብና ለመኝታ። ለሱ ሦስት አንቀጽ ከነፎቶው። በዛው በ1876 ደግሞ እዚሁ ማርጌት መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትልቅ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ እስከ 2015 ድረስ 139 ዓመት ልጅ አስተማረ፣ ለሱ አንድ መስመር፣ ያቺም አንድ መስመር ስህተት። ለሁለት ወር ሦስት አንቀጽ ከሰጣችሁ ለ139 ዓመት ስንት ይደርሰዋል ብዬ በስልኬ ደመርኩት፣ 2502 አንቀጽ ይወጣል። ሁለቱን ስጡኝ፣ 2500ውን መርቄላችኋለሁ።

እዚሁ አጠገባችን ብሮድስቴርስ የተማሩት የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ልጆች ሄንሪና ጆርጅም አልቀሩ፣ እሺ፣ ልዑል ናቸው። ልዑል አለማየሁን ግን በምን በኩል አስገባችሁት? ልጁ ዋይት ደሴት ላይ ከአሳዳጊው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ቆይቷል፣ እውነት ነው፣ የተማረው ግን ቼልተንሃምና ረግቢ ነው። ሁለቱም ባሕር የላቸውም። እሱን ከመሀል አገር ጎትታችሁ ባሕር ዳር ስታመጡት፣ እዚሁ ባሕር ዳር የነበሩትን ልጆች ማየት አቃታችሁ ማለት ነው?

አሁን ወደ ስህተቱ። 1792 የማርጌት ዓመት አይደለም። ትምህርት ቤቱ በ1792 የተጀመረው ለንደን፣ በርመንድሲ የሚባል ሰፈር ነው። ነገሩ የተነሳው ደግሞ በአንዲት እናት ነው። ወይዘሮ ክሪዚ የሚባሉ እናት ናቸው፣ ልጃቸው ጆን አይሰማም፣ እሳቸው ከፍለው በግል ትምህርት ቤት አስተምረውታል፣ የብሬይድዉድ ትምህርት ቤት የሚባለው ነው፣ ግን ዋጋውን ስላዩት «ድሃው ምን ይሁን?» ብለው ጆን ታውንሴንድ ለሚባሉ ቄስ አዋዩዋቸው። ቄሱ ከሌላ ቄስ ጋር ሆነው ገንዘብ አሰባሰቡና ጆሴፍ ዋትሰን የሚባል አስተማሪ ቀጠሩ፣ በ6 ልጆች ተጀመረ። እንግሊዝ አገር ለድሃ መስማት ለተሳነው ልጅ የተከፈተ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ይሄ ነው። አንዲት እናት ናት ያስጀመረችው፣ እናንተ ጋ ግን እናትም የለች፣ አስተማሪም የለ፣ ተማሪም የለ፣ «መጠለያ» ብቻ።

«መጠለያ» ከየት እንደመጣች አውቃለሁ፣ ልካድ አልልም። ድሮ የቤቱ ስም በእንግሊዝኛ አሳይለም ነበር። ጸሐፊያችሁ መዝገበ ቃላት ገልጦ መጠለያ አለ፣ ትንሽ ቢገፋበት ኖሮ ጥገኝነት ይል ነበር። እኔ አሳይለም የምትለዋን ቃል ከማንም በላይ አውቃታለሁ፣ ስንት ዓመት በሷ ስም ወረቀት ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ግን በዛ ዘመን አሳይለም ሲባል ወላጅ አልባ ልጆች የሚያድጉበትና የሚማሩበትም ይባልበት ነበር። ስም ሌላ፣ ውስጥ የሚሠራው ሌላ። አስተማሪ የተቀጠረለት፣ ልጅ ተቀምጦ ፊደል የሚቆጥርበት፣ አስተማሪው በ1809 ስለ ማስተማሩ መጽሐፍ የጻፈበት ቤት በየትኛው አማርኛ ነው መጠለያ የሚባለው? የኛ የቄስ ትምህርት ቤት ዛፍ ሥር ነበር፣ «ጥላ» ብለን ነው እንዴ የምንጠራው?

ቤቱ ገነት ነበር እያልኩ አይደለም ደግሞ። ልጅ የሚገባው በምርጫ ነበር። ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ድምፅ ይሰጣሉ፣ ድምፅ ያላገኘ ልጅ እስከሚቀጥለው ምርጫ ይጠብቃል። እናት በየሀብታሙ በር «ለልጄ ምረጡልኝ» እያለች ስትዞር አስቡት። ለጽሑፋችሁ ይሄ አይበቃም ነበር?

ይሄው የለንደኑ ትምህርት ቤት በ1876 ወደ ማርጌት የመጣበት ምክንያትም ጽሑፋችሁ ውስጥ ሊገባ የሚችል ነገር ነው። ያኔ እንግሊዞች የባሕር አየር መድኃኒት ነው ብለው ያምኑ ነበር፣ እዚሁ በ1791 የንፍፊት በሽታ በባሕር ውሃ የሚታከምበት ሆስፒታል ተመሥርቷል፣ ከዛ በ1846 ባቡር መጣ፣ ከዛ በኋላ አዳሪ ትምህርት ቤት እንደ እንጉዳይ ፈላ። ለሀብታሞቹ ልጆች ይሄን ሁሉ በደንብ አብራርታችኋል። ያው አየር ለኛም ልጆች ይነፍስ ነበር እኮ።

አሁን ወደ «ደንቆሮ»።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም። አማርኛ ማንበብ አይችልም፣ ግን ፎቶውን አይቶ ማርጌት መሆኑን አወቀና «ምን ይላል?» አለኝ። እኔ ደግሞ ሊጥ እያቦካሁ ነበር፣ ሁለት እጄ ሊጥ ውስጥ። እኛ ቤት እጅ ሊጥ ውስጥ ከገባ አፍ ተዘጋ ማለት ነው። ታጥቤ መጣሁና ያችን መስመር ልነግረው ስል እጄ አየር ላይ ቀረ። በሱ ቋንቋ መስማት የተሳነው ለማለት ሁለት ጣት ወደ ጆሮ ነው፣ በቃ፣ ስድብ የለበትም፣ እሱ ራሱን ሲያስተዋውቅ ከስሙ ቀጥሎ የሚላት ናት። የናንተን ቃል በምን ልንገረው? በአማርኛ ደንቆሮ ማለት የማይሰማ ብቻ ነው እንዴ? ሰው ሲናደድ «አንተ ደንቆሮ» የሚለው ጆሮህን ታከም ለማለት ነው? ሁለት ጣቴን ወደ ጆሮዬ አድርጌ ትምህርት ቤት ብዬ አለፍኩት። ዋሸሁላችሁ። ማለቴ አስተካከልኩላችሁ።

ጸሐፊው በክፋት ነው አልልም። እኔም ራሴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ለሰው «ጆሮው ትንሽ ይደክመዋል» ነበር የምለው። ማኅበር ላይ «ጸበል አስገቢው»፣ ልቅሶ ቤት «ምን አይተሽ ነው» ተብያለሁ፣ አንዷማ ልጄ ፊት ቆማ «አይ ያልታደለ» አለች፣ አይሰማም ብላ ነው፣ ፊቷን ግን አንብቧል። ከዛ በኋላ ነው ማታ ማታ የምልክት ቋንቋ ክላስ የገባሁት፣ ከኬር ሆም ሥራ ወጥቼ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር። አምስቱ የእንግሊዝኛ አናባቢዎች በአምስቱ የግራ እጅ ጣቶች ጫፍ ላይ ናቸው፣ ኤ አውራ ጣት፣ ዩ ትንሿ ጣት። እኔ እስከዛሬ አይና ኦ ይምታቱብኛል፣ እሱ ጣቴን ይዞ ያርመኛል። ልጅ እናቱን ፊደል ሲያስቆጥር ያየ «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል ለማን እንደሚሰጥ ትንሽ ያስብበታል።

ይሄንን ቋንቋ ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ተጣልተውታል። በ1880 ሚላን ላይ የዓለም አስተማሪዎች ተሰብስበው «ልጆቹ በአፍ ይናገሩ እንጂ በእጅ አያውሩ» ብለው ወሰኑ፣ ከዛ በኋላ እንግሊዝ ብቻ ሳይሆን በሌላውም አውሮፓ በብዙ ትምህርት ቤት ልጅ በእጁ ሲያወራ ይቀጣ ጀመር። በእጃቸው እንዳያወሩ እጃቸው ላይ እንዲቀመጡ የተደረጉ ልጆች ነበሩ። ያ ቋንቋ እዚህ አገር በሕግ እውቅና ያገኘው በ2022 ነው፣ ትናንት ማለት ነው። የትምህርት ቤት ታሪክ ስትሉ እኮ ይሄ ነው፣ ስለ ጡብና ስለ ማማ ብቻ ከሆነ ለቤት ደላላ ስጡት።

የማርጌቱ ትምህርት ቤት ታኅሣሥ 2015 ላይ ነው የተዘጋው፣ የሚያስተዳድረው ድርጅት ከስሮ፣ ገና ሊደርስ ቀናት ሲቀሩ። ልጄ እዛ ስላልተማረ የዛን ቤት ክፉውንም ደጉንም ልናገር አልችልም። የማውቀው የራሴን ጠዋት ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ታክሲ በር ላይ ይቆማል፣ ልጄ ከሰፈራችን ውጪ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዞ ይማራል። የሚመለከተው ቢሮ ሄጄ «ቅርብ የለም ወይ» ብል «አሁን የለም» ተባልኩ፣ የዛች «አሁን» ትርጉም ስንት ዓመት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ታክሲው ሲዞር በኋላ መስኮት እያየኝ ነው የሚሄደው።

እና ስለ ቫን ጎግ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፣ ሦስት አንቀጽ ጽፋችሁለት ዋናውን ዘላችሁታል። ራምስጌት እያለ ለወንድሙ ከላከው ደብዳቤ ጋር ከትምህርት ቤቱ መስኮት የሚታየውን ሥሏል። ልጆቹ ወላጆቻቸው ሊጠይቋቸው መጥተው ወደ ባቡር ጣቢያ ሲመለሱ የሚያዩበት መስኮት ነው፣ እሱ ራሱ እንደዛ ብሎ ነው የጻፈው። 24 ወንዶች ልጆች ነበሩ። እናንተ የጻፋችሁት ስለ ባርኔጣው ነው።

የምጠይቃችሁ ይሄን ብቻ ነው። 1792 ለንደን፣ 1876 ማርጌት፣ ትምህርት ቤት፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች። አራቷን አርሙልኝ። እርማቱን ደግሞ ከታች ከሐዋላ ማስታወቂያው ሥር አትወሽቁብኝ፣ ዋናው ጽሑፍ የነበረበት ቦታ አድርጉት፣ ልጄ ስክሪንሾት አንስቶ ለክፍሉ ልጆች ሊልክ ቀጠሮ ይዟል።

አንዲት እናት
ከማርጌት