ሸለቆ ከመግባታችሁ በፊት ከላይ ያለውን ሰማይ ማን እንደሚያይላችሁ ጠይቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ የጉዞ ገጽ ላይ ስለ ጆርዳኑ የዋዲ ሙጂብ ሸለቆ የጻፋችሁትን አንብቤዋለሁ። ፎቶዎቹ ልብ ይሰርቃሉ። ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ጓደኞቼ ጋዜጣውን እየተቀባበሉ «መቼ ነው የምንሄደው?» ሲባባሉ ነበር። ግን ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ምሳው፣ ስለ ሙት ባሕር ጭቃ ያን ሁሉ አውርታችሁ ስለ ጎርፍ አንድ መስመር አለመጻፋችሁ ገርሞኛል።

ቦታው መታየት አለበት፣ በዚህ አልከራከርም። ሙጂብ በኦሪት ዘኍልቍ የሞዓብ ዳርቻ የተባለው የአርኖን ወንዝ ነው፤ ናባው ተራራን ሊሳለም የሚሄድ ሰው አንድ ቀን ጨምሮ ቢያየው አይቆጭም። ሲቅ በሚሉት መንገድ ላይፍ ጃኬት ለብሰህ፣ ግራና ቀኝ ቀጥ ብሎ በቆመ ቋጥኝ መሀል ወራጁን ውሃ እየተጋፋህ፣ ገመድ እየያዝክና ድንጋይ እየወጣህ ፏፏቴው ድረስ ትሄዳለህ፣ ከዚያ በመጣህበት ትመለሳለህ። ማላቂ የሚባለው መንገድ ደግሞ ፏፏቴ በገመድ ስለሚወረድበት ያለ ጋይድ አያስገቡም። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅም አይገባም፤ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ይህንን እንኳ ብትነግሩት ምን ነበረበት?

«በረሃ ላይ ደግሞ ምን ጎርፍ አለ?» የሚል አይጠፋም። አደጋው በረሃ መሆኑ ላይ ነው እኮ። መሬቱ ድንጋይና ደረቅ ነው፣ ዛፍም ሣርም የለው፣ ዝናብ ሲጥል የሚመጥጠው ነገር የለም። ሙጂብ ያለበት ጥብቅ ስፍራ ከፍተኛ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትር ግድም ነው፣ ወንዙ የሚገባበት ሙት ባሕር ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ400 ሜትር ይበልጣል። ላይ የጣለው ሁሉ ተንደርድሮ በዚያች ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚያልፈው። አንተ ታች ሆነህ ቀና ብትል የሚታይህ ጥርት ያለ ሰማይ ነው፣ ያውም ቀጭን ቁራጭ። ለእኛ ለቀበና ልጆች ይሄ አዲስ አይደለም፤ እንጦጦ ላይ ሲጥል እዚህ ፀሐይ እያለ ወንዙ ደፍርሶ ከተፍ ይላል። የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝም በሐምሌ 1998 ዓ.ም እንዲሁ ነው ያደረገው። ሰው የሚመላለስበት ደረቅ አሸዋ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው በላ።

ጆርዳኖች ስለሚያውቁት የሙጂብን የውሃ መንገዶች ክረምታቸው ሲመጣ ይዘጓቸዋል። የሚከፈተው ከሚያዝያ መግቢያ ግድም እስከ ጥቅምት ማብቂያ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር። ግን የቀን መቁጠሪያ ብቻውን አያድንም። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም፣ ማለትም ወቅቱ ገና ሳያልቅ፣ እዚያው ሙት ባሕር ዳር ዛራ ማዒን አካባቢ ደራሽ ጎርፍ ለአንድ ቀን ሽርሽር የወጡ ተማሪዎችን ጠራርጎ ወሰደ። 21 ሰው ሞተ። የትምህርትና የቱሪዝም ሚኒስትሮቹ ሥልጣን ለቀቁ።

ስለዚህ ለእኔ የጋይድ ትልቁ ሥራ ገመድ ማሰር አይደለም፣ «ዛሬ አንገባም» ማለት ነው። ይህንን የሚል ጋይድ ደግሞ ገንዘቡ የማይቀርበት ሰው መሆን አለበት። እዚሁ ከአዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድ ወጣት ጭነው የሚወጡ የሃይኪንግ ቡድኖች አሉ፣ ስም አልጠራም። ከአንዱ ጋር በነሐሴ ሸለቆ ወርጄ፣ ከላይ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ እያየን «ምን ይሻላል?» ብንለው አስተባባሪው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለአውቶቡሱ ተከፍሏል፣ ቶሎ ቶሎ ካላችሁ እንጨርሳለን።» ሄልሜት የለ፣ ገመድ የለ። በሰላም ወጣን፣ ተመስገን፤ እሱም በሳምንቱ ያንኑ ቦታ ቲክቶክ ላይ ሲያስተዋውቅ ነበር።

ጆርዳንም ሂዱ፣ ጀማ ሸለቆም ውረዱ፣ ግን ብር ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። የላይኛውን አገር የአየር ትንበያ ጠዋት የሚያየው ማነው? ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቤ ይመለሳል? ውሃው ድንገት ቢመጣ የምንወጣበት ቦታ የት ነው? ሲጠየቅ «አታስብ፣ እኛ እናውቃለን» የሚል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

እናንተም ቀጣዩን የጉዞ ገጽ ስታወጡ ከዋጋው ጎን መንገዱ የሚዘጋበትን ወርና የመሰረዣውን ደንብ ጻፉልን። ቦታ ከጠበባችሁ የሙት ባሕሩን ጭቃ አሳጥሩት።

አንባቢያችሁ፣
ከቀበና