ስኳሩ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዛሬ ጸሎተ ሐሙስ ስለሆነ ከሥራ እንደገባሁ ለአቅሜ ያህል ጉልባን ቀቅያለሁ። ሳሚ፣ ይህን ለአባባ ቀስ ብለህ አንብብላቸው፤ የሰለቸህን አትዝለል።

የበዓሉ ገንዘብ የዘገየው ረስቼ አይደለም። ትናንት ልኬዋለሁ፤ ለበጉ ይደርሳል። ያዘገየኝ ግብር ነው። እርስዎ የሱቁን ቁርጥ ግብር በሐምሌ ዝናብ ተሰልፈው ይከፍሉ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ተቀጣሪም ቢሆን ሰው የዓመቱን ሂሳብ ራሱ አስልቶ ያቀርባል፤ የዘንድሮው የመጨረሻ ቀን በእኛ ሚያዝያ 7 ነበር። እኔ ደግሞ ሂሳቡን አበላሽቼው ዕዳ ይመጣብኛል ብዬ እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

ባለፈው በስልክ «ለጤና ያጠራቀምሽው አራት ሺህ ዶላር አለሽ አሉ፤ ለዓይኔ አይሆንም ወይ?» ብለውኝ መልስ ሳልሰጥ መስመሩ ተቆረጠ። ያበላሸሁትም በዚሁ ገንዘብ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ልንገርዎት።

ሂሳቡን ኤችኤስኤ ይሉታል፤ የጤና ቁጠባ ማለት ነው። ግብር ሳይነካው ከደመወዜ ላይ ይቀመጣል፤ አሠሪም ይጨምርበታል። በዓመቱ ያልተነካው አይቃጠልም፣ ለከርሞ ይዞራል። ነገር ግን ይህን ቁጠባ የሚፈቅዱት የጤና መድኑ ቶሎ ለማይደርስለት ሰው ነው፤ በፈረንጆቹ 2024 ለብቻው መድን የገባ ሰው መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 1,600 ዶላር ከኪሱ የሚያወጣ መሆን ነበረበት። የሚቀመጠውም ልክ አለው፤ ለዚያው ሰው በዚያው ዓመት 4,150 ዶላር ነበር።

በዓመቱ አጋማሽ ሥራ ቀይሬ ነበር። የቀድሞው መሥሪያ ቤት በኩል 2,300፣ በአዲሱ በኩል 2,250 ገባልኝ። አንዱ የሌላውን አያውቅም፤ መደመር የእኔ ፈንታ ነበር፣ አልደመርኩም።

ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ አንድ እሑድ ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። አሠሪ የሚሰጠው ደብሊው-2 የሚባል የደመወዝ ወረቀት አለ። በሣጥን 12 ላይ «ደብሊው» የሚል ፊደል ከፊቱ ያለው ቁጥር የኤችኤስኤው ነው። ከደመወዜ የተቆረጠውም አሠሪው የጨመረውም ተደምሮ እዚያው ውስጥ ገብቷል። ግብሩን የሚያሰላው ፕሮግራም ወረድ ብሎ «ራስዎ ምን ያህል አስገቡ?» ሲለኝ ግን፣ ከደመወዜ አይደል እንዴ የወጣው ብዬ ያንኑ 4,550 ደግሜ ጻፍኩት። ወዲያው 9,100 አስገብተሻል፣ ከልኩ በ4,950 አልፈሻል አለኝ። ስድስት በመቶ ቅጣቱ ብቻ 297 ዶላር! ሰፈራችን ያለ አንድ ግብር ሠሪ ዘንድ ብሄድ፣ ወረቀቱን በወጉ ሳያየው «ክፈዪና ተገላገዪ» አለኝ። ለምክሩም አስከፈለኝ።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ከቆየሁ በኋላ ያ ሰማያዊ የዱቤ ደብተርዎ ትዝ አለኝ። የእትዬ በለጡ ስኳር አንድ ጊዜ በደብተሩ፣ አንድ ጊዜ በሲጋራ ካርቶን ቁራጭ ተጽፎ፣ ሴትዮዋ የሁለት ኪሎ ከፍለው፣ እርስዎ ማታ ሲያመሳክሩ አይተው በዚያ ጭቃ ገንዘቡን ሊመልሱ እኔን አስከትለው ሄዱ። የእኔም ነገር ያው ነበር። ተመልሼ ቅጽ 8889 የሚባለውን ገጽ ከፈትኩ፤ «ራስዎ ያስገቡት» የሚለው መስመር ከባንክ በእጅ ለሚያስገባ ሰው ነው። ቁጥሩን ደመሰስኩት፤ 297ቱ ጠፋ።

የእውነተኛው ትርፍ ግን 400 ዶላር አለ። እርሱም እዚያው ከተተወ በየዓመቱ 24 ዶላር ያስቀጣል። እንደ ተራ ወጪ ስቦ ማውጣትም አይጠቅምም፤ ትርፍ ማስመለሻ ብሎ በስሙ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሂሳቡን ለያዘው ድርጅት ደውዬ ቅጹን ሞላሁ፤ 400ውን ከወለደው 11 ዶላር ጋር መለሱልኝ። 400ው ግብር ሳይከፈልበት የገባ ስለነበር በዘንድሮው የግብር ማስታወቂያ ላይ እንደ ገቢ ጻፍኩት፤ 11ዱ የሚቀጥለው ዓመት ነው። ቀኑ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ላክሁ። ከከፈልኩት ግብር ተመላሽ አለኝ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አለኝ።

አሁን ወደ ዓይንዎ። የሚገርመው፣ ሕጉ ውጭ ሀገር መታከምን አይከለክልም፤ እኔ መጥቼ ደሴ ጥርሴን ብታከም ከዚያ ሂሳብ እከፍላለሁ። ለእርስዎ ግን አይሆንም። ከራሴ ሌላ የሚፈቀደው ለትዳር ጓደኛና በሕጉ ጥገኛ ለሚባል ሰው ነው፤ ወላጅ ጥገኛ ለመባል ደግሞ ወይ አሜሪካዊ መሆን፣ ወይ አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ውስጥ መኖር አለበት። ስንት ዓመት ያሳደገኝ ሰው ጥገኛዬ አይደለም ሲሉኝ ሳቅም ንዴትም ያዘኝ። ለእርስዎ ባወጣው ግብሩ ተቆርጦ በላዩ ሃያ በመቶ ቅጣት አለው፤ ከሺህ ዶላር ሁለት መቶው ለቅጣት ብቻ ይሄዳል።

ስለዚህ የዓይኑ ገንዘብ ከተመላሹ ነው። ብዙ ጊዜ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይገባል፤ የጎደለውን ከደመወዜ እሞላለሁ። ሳሚ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አባባን ይዘሃቸው ሂድ። ሐኪሙ ሞራው የአንዱ ዓይን ብቻ ነው ወይስ የሁለቱም እንደሆነ ይንገርህና የተባለውን ዋጋ ጻፍልኝ። አባባ፣ «ይታየኛል፣ ምንም አልሆንኩም» እያሉ እንዳያስቀሩት።

እትዬ በለጡን ሰላም በሉልኝ። የስኳሯን ነገር ታስታውስ እንደሆነም ጠይቁልኝ።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።

ልጅዎ፣
ሰናይት