ስለ ጫማው ማን ይጠይቃል?

ልጄ፣ ሆዴ፣

ይህን ስታነቢ ከትምህርት ቤትሽ ጋር ፖላንድ፣ ዋርሶ ነሽ። አስተማሪሽ ለወላጆች ሁሉ መልእክት ልካልን ነበር። ለልጆቻችሁ ደብዳቤ ጻፉ፣ በፖስታ አሽጋችሁ ስጡን፣ በጉዞው መሀል አንድ ማታ እናድላቸዋለን አለች። ምስጢር ነውም ተባልን። አባትሽ ግን አፉ አላስቀምጥ ብሎት ነግሮሻል መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት «እማ፣ በዕብራይስጥ ጻፊልኝ እሺ?» ስትይኝ ነቃሁ።

እንደምታዪው እሺ አላልኩሽም። ዕብራይስጤ ለባንክ፣ ለሐኪም ቤት፣ ከፎቅ ጎረቤት ጋር ለመጨቃጨቅ ይበቃኛል። ለዚህ አይበቃኝም። አማርኛ ፊደል እየቆጠርሽ እንደምታነቢ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ያልገባሽን ቃል ጓደኛሽን አትጠይቂ፣ እሷም ካንቺ አትሻልም። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝና በድምፅ እነግርሻለሁ።

ስለ ሳቭታ ልጽፍልሽ ነው። አንቺ ሳትወለጂ፣ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየሄድኩ እረዳ በነበረበት ጊዜ፣ ከሁሉም ቤት የቆየሁት አንዲት ከፖላንድ የመጡ ባልቴት ዘንድ ነው። አራት ዓመት። ሳቭታ፣ አያቴ፣ ነበር የምላቸው። ዕብራይስጥ እርስዎ የሚል ቃል የለውም፣ ስለዚህ በአፌ «አንቺ» እላቸዋለሁ። በሆዴ ግን ሁሌም «እርስዎ» ነበሩ።

ሳቭታ ማታ ሲተኙ ጫማቸውን ወለል ላይ አይተዉም። በጋዜጣ ጠቅልለው ትራሳቸው ሥር ይሸጉጡታል። መጀመሪያ ሰሞን ያረጁ መስሎኝ፣ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ቀስ ብዬ አውጥቼ በር ላይ አስቀመጥኩት። ጠዋት ስገባ በባዶ እግራቸው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። አልተቆጡኝም። ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም እንጂ።

የጠየቅኋቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጥን ነበር። «ሳቭታ፣ ጫማው ለምንድን ነው?» አልኳቸው። ቢላዋውን ሳያስቀምጡ ነገሩኝ። ናዚዎች ባሰሯቸው ካምፕ ውስጥ የእንጨት ሶል ያለው ጫማ ነበር የነበራቸው። ሌሊት የተሰረቀበት ሰው ጠዋት በረዶ ላይ በባዶ እግሩ ተሰልፎ ይቆጠራል። እግሩ ይቆስላል፣ ያብጣል። ባበጠ እግር ሥራ አይወጣም። ሥራ ያልወጣ ደግሞ በሕይወት አይቆይም። የእህታቸው ጫማ የተሰረቀው ማክሰኞ ነው። ቀኗን እንኳ አልረሷትም። ከዚያ «ሽንኩርቱ በቃ፣ ዘይቱን አቀብዪኝ» አሉኝ።

መሳቢያቸው ውስጥ የቪዲዮ ካሴት ነበራቸው። በ1990ዎቹ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) ካሜራ ይዘው የመጡ ሰዎች ቀርጸዋቸው ነበር። ማጫወቻው ተበላሽቶ ስለነበር ማንም አላየውም። በኋላ የልጅ ልጃቸው ሲዲ ላይ አስገለበጠውና አብረን አየነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የትውልድ ከተማ፣ አይሁዶች ተለይተው የታጎሩበት ሰፈር፣ የጌቶው ስም፣ የካምፑ ስም፣ በየትኛው ወር የት እንደተወሰዱ፣ ሁሉም አለ። ስለ ጫማው ግን አንድም ቃል የለም። «ለምን አልነገሯቸውም?» አልኳቸው። ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ማን ጠየቀኝ?»

ይህቺ «ማን ጠየቀኝ» እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

የፊልም ሠሪው ስፒልበርግ በ1994 ያቋቋመው የሾዓ ፋውንዴሽን (ሾዓ ናዚዎች አይሁዶችን የጨረሱበት እልቂት ነው) ብቻውን ከ50,000 በላይ ሰዎችን ቀርጿል። አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ያለው የቪዲዮ ስብስብ ደግሞ ሥራው የተጀመረው በ1979 ነው፤ ከ4,000 በላይ ምስክርነት አለው። ለአንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢያይ አያልቅለትም። ያም ሆኖ ሳይጠየቅ የቀረ ስንት ጫማ አለ እላለሁ።

ዋርሶ ላይ የአይሁድ ታሪክ ተቋም ይወስዷችኋል፣ ፕሮግራሙ ላይ አይቻለሁ። ስትገቢ መጀመሪያ ወለሉን እዪልኝ። የተቃጠለ ምልክት አለው። ናዚዎች አጠገቡ የነበረውን ታላቁን ምኩራብ ግንቦት 1943 ሲያፈነዱት እሳቱ ትቶት የሄደ ነው። ከዚያ የወተት ዕቃውን ፈልጊ። ገበሬ ወተት ወደ ከተማ የሚያጓጉዝበት ዓይነት ትልቅ የብረት ዕቃ ነው። እኛ ጎንደር ወተት በቅል ነበር የምናስቀምጠው፣ እሱን ለአያትሽ ተዪው።

በ1940 መጨረሻ የዋርሶ ጌቶ በግንብ ተዘጋ። ከ400,000 በላይ ሰው እዚያ ውስጥ ታጎረ። ኢማኑኤል ሪንገልብሉም የሚባል የታሪክ ምሁር ሰዎች ሰብስቦ በድብቅ መጻፍና ማስጻፍ ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚገናኙ የቡድኑን ስም በይዲሽ፣ በአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ ኦይኔግ ሻቤስ አሉት፣ የሰንበት ደስታ። የቤተ እስራኤል ልጅ ሆነሽ ይህ ስም ሆድሽን ባያባባው ይገርመኛል። ሰንበትን በዚያ ረሃብ መሀል፣ በእስክሪብቶ ሲያከብሩ አስቢው።

የሰበሰቡትን ብታዪ! ማስታወሻና የምስክር ቃል ብቻ አይደለም። የትራም ትኬት፣ የራሽን ካርድ፣ የቲያትር ማስታወቂያ፣ የልጆች ድርሰት፣ የከረሜላ መጠቅለያ ጭምር። የከረሜላ መጠቅለያ! ነገ ይገደል አይገደል የማያውቅ ሰው የከረሜላ ወረቀት አጣጥፎ ያስቀምጣል። እነዚህ ሰዎች ስለ ጫማው የሚጠይቁ ዓይነት ነበሩ። ለሰዎች የጥያቄ ዝርዝር ይዘው ይሄዱ ነበር። ምን ትበላላችሁ፣ በስንት ትገዛላችሁ፣ ልጆቻችሁ ምን ይጫወታሉ።

ከነሱ አንዷ ራሔል አውርባክ ናት። ጌቶው ውስጥ ለተራቡ ሰዎች ሾርባ የሚታደልበት ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች። ቀን ሾርባ ታስቀዳለች፣ ስለ ተሰላፊዎቹም ትጽፋለች። ማን መጣ፣ ማን ቀረ። እሷን አደራ እንዳትረሺያት፣ እመለስባታለሁ።

በ1942 ክረምት፣ ሰዉ በባቡር ወደ ትሬብሊንካ፣ ወደ መግደያው ካምፕ፣ እየተጋዘ ሳለ፣ ወረቀቱን በአሥር የብረት ሳጥን አድርገው ኖቮሊፕኪ 68 በሚባል አድራሻ የትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ቀበሩት። ከቀበሩት አንዱ ዳቪድ ግራበር 19 ዓመቱ ነው። አንቺን በሁለት ዓመት ይበልጥሻል። ከወረቀቱ ጋር የራሱን ቃል ጨምሮ ቀበረ። ለዓለም ጮኸን መናገር ያልቻልነውን መሬት ውስጥ ቀበርነው ብሎ ጽፏል። ሁለተኛው ክፍል በ1943 መጀመሪያ በሁለት የወተት ዕቃ ተቀበረ። አንዱ ያ የምታዪው ነው።

ወደ 60 ከሚጠጉት የቡድኑ ሰዎች ከጦርነቱ የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው። ሪንገልብሉም ራሱ ከሚስቱና ከልጁ ጋር መጋቢት 1944 ተገደለ። ራሔል ተረፈች። ጦርነቱ ሲያልቅ ዋርሶ ፍርስራሽ ብቻ ነበረች፤ እሷ ግን ሰው ባገኘች ቁጥር ቆፍሩ፣ እዚያ ሥር ታሪካችን አለ ትል ነበር። መስከረም 1946 ሳጥኖቹ ተገኙ። ውሃ ገብቶባቸዋል፣ ብዙው ወረቀት ተበላሽቷል። የወተት ዕቃዎቹን በ1950 ግንበኞች አገኟቸው። ሌላ ሦስተኛ ክፍልም ተቀብሮ ነበር፣ እሱ እስካሁን አልተገኘም። የተረፈው በሙሉ ወደ 35,000 ገጽ ነው። ተመራማሪዎች ዛሬም ገና እያነበቡት ነው፤ አብዛኛው ይዲሽና ፖላንድኛ ነው፣ ቋንቋ የሚችል ሰው ይፈልጋል። ከአማርኛሽ ጋር ይዲሽ ብትጨምሪ አልከፋም። ቀልዴን አይደለም።

ራሔል ወደ እስራኤል መጥታ በ1954 የሾዓ መታሰቢያ ተቋም የያድ ቫሼም የምስክርነት ክፍል ኃላፊ ሆነች። ያኔ እዚህ አገር ከሾዓ የተረፈን ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ብዙ አልነበረም። እንዴት ተረፍክ ብሎ በጥርጣሬ የሚያይ ግን ነበር። እሷ ሰዎቿን በየቤቱ እየላከች፣ በተናጋሪው ቋንቋ፣ አስጻፈች። በ1961 የናዚው ሹም አይክማን ኢየሩሳሌም ላይ ሲዳኝ ከ100 በላይ ሰው ቆሞ መሰከረ፤ ምስክሮቹን በመምረጥ እሷም ነበረችበት። ሳቭታ ያንን ችሎት በሬዲዮ ሲሰሙ ምድጃ ላይ የነበረው ድስት እንዳረረ ነግረውኛል። ባላቸው እንኳ ስለ ካምፑ የጠየቃቸው ያን ሰሞን ነው።

ያድ ቫሼም በ2004 የሟቾቹን ስም ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣ ሳቭታ የወንድማቸውን ስም አስፈለጉኝ። የለም። ቅጹን አመጣንላቸው። አንድ ገጽ ነው፤ ስም፣ የወላጆች ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ የሞተበት ቦታ፣ ከታች የመስካሪው ፊርማ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እኔ ነኝ የጻፍኩት። «ሥራ» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬን አቆምኩ። ልጁ አራት ዓመቱ ነበር። «ምን ልበል?» አልኳቸው። ብዙ አሰቡ። «ሕፃን በይ» አሉኝ። ዛሬ 5 ሚሊዮን ያህል ስም ተሰብስቧል። አንዱ በእኔ ጠማማ የዕብራይስጥ ጽሕፈት ነው።

ትሬብሊንካ ስትደርሱ የምታዪው ሜዳና ድንጋይ ነው። 17,000 ድንጋይ። ቢያንስ 800,000 ሰው የተገደለበት ቦታ ነው፣ ናዚዎች ራሳቸው አፍርሰው አርሰውበት ሄደዋል። ከዚያ ወጥተው እስከ ጦርነቱ መጨረሻ የቆዩት መቶ እንኳ አይሞሉም። እነሱ ባይናገሩ ኖሮ ዛሬ የምትቆሚበት ሜዳ ሜዳ ብቻ በሆነ ነበር። እዚያ ብዙ አልልሽም።

አስተማሪሽ በዚህ ጉዞ ከእናንተ ጋር የሚሄድ መስካሪ የለም ስትል አዘንኩ። እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ጦርነቱ ባለቀ ዓመት የተወለደ እንኳ 80 አልፎታል። አሁን አዲስ ነገር አለ አሉ፤ አንድን ሰው በብዙ ካሜራ ከበው ወደ 1,000 የሚደርስ ጥያቄ ይጠይቁታል፣ በኋላ ተማሪ ስክሪኑን ሲጠይቅ መልሱ ይወጣለታል። አልጠላሁትም። ግን የሚመልስልሽ ያን ጊዜ የተጠየቀውን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሱ ነው የከበደኝ።

አንድ ቀን ሳቭታ «አንቺስ? ሱዳን ድረስ ስትሄዱ መንገድ ላይ ምን ትበሉ ነበር?» አሉኝ። ከዚያ በፊት እዚህ አገር ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የተማርኩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ሾዓን በደንብ አስተምሮኛል። እኛ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የመጣንበትን መንገድ ግን ማንም አንስቶልኝ አያውቅም። እኔም ስድስት ዓመቴ ስለነበር የማስታውሰው የአባቴን ጀርባና ጨለማውን ብቻ ነው። «እናቴን ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

አልጠየቅሁም። ዛሬ ነገ ስል ሳቭታ ሞቱ። ከዚያ አባቴ ሞተ።

እንዳትሳሳቺ፣ ሱዳንና ሾዓ አንድ ነው አላልኩም። አይደለምም። ግን አያትሽ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ሄርዝል ተራራ፣ በመንገድና በካምፕ ለቀሩት 4,000 ገደማ ወገኖቻችን በቆመው መታሰቢያ ፊት ስትቆም አይተሻታል። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ድንጋዩን ትዳስሳለች፣ ምንም አትናገርም። ሱዳን ውስጥ፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የቀበረችው ልጅ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ስሙን ነው የማውቀው። ሌላ ምንም አላውቅም። እኔ ስጠይቃት «ተይው ልጄ» ትለኛለች። አንቺን ግን እምቢ አትልም፣ ያንቺ ነገር አይሆንላትም።

ስትመለሺ አርብ ከሰዓት እሷ ቤት እንሂድ። የሰንበት ዳቦ ስትጋግር እጇ ሥራ ይዞ አፏ ይፈታል። ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ፣ ዱቄት እንዳይነካው ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ስንት ቀን ተጓዛችሁ፣ ስንት ሰው ሞተ ብለሽ እንዳትጀምሪ። ውሃውን በምን ይዛችሁ ነበር በያት። ማን ተሸከመው በያት። እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ።

ወፍራሙ ካልሲ ከሻንጣሽ ታች፣ በጎን ኪስ ነው። ሁለት ጥንድ ነው፣ ለጓደኛሽም ስጫት።

እናትሽ