ዛሬ ማታ ሁለቱ ልጆች የት ያድራሉ? ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለፍትሕ ሚኒስቴር፣ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለትምህርት ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ በታላቅ ወንድም ወይም እህት ጥቃት የደረሰበትን ሕፃን ስለመጠበቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

አንድ ሕፃን በጎረቤት ወይም በእንጀራ አባት ወሲባዊ ጥቃት ሲደርስበት ማን ምን እንደሚሠራ ቢያንስ በከተማ ይታወቃል። ፖሊስ ተጠርጣሪውን ይይዛል፣ ሆስፒታል ይመረምራል፣ ዐቃቤ ሕግ መዝገብ ያደራጃል። ጥቃቱን ያደረሰው የ12 ዓመት ታላቅ ወንድም ሲሆን ግን ሁሉም ግራ ይጋባል። ቤቱ የሁለቱም ቤት፣ እናቲቱም የሁለቱም እናት ናት። ፖሊሱ "ልጅ ነው፣ ምን እናድርገው?" ይላል፤ ወረዳው ወደ ፖሊስ ይልካል፤ ፖሊስ መልሶ ወደ ወረዳ። ቃል ተሰጥቶ፣ ቅጽ ተሞልቶ፣ ሲመሽ ሁለቱም ልጆች ወደዚያው ክፍል ይመለሳሉ።

የምንጠይቀው ነገር ትልቅ አይደለም። ጣቢያም ሆነ ወረዳ፣ ትምህርት ቤትም ሆነ ጤና ጣቢያ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚቀበል ሁሉ ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ "ዛሬ ማታ ሁለቱ ልጆች የት ያድራሉ?" ብሎ እንዲጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ሳይዝ ቤተሰቡን እንዳያሰናብት የሚያስገድድ የአሠራር መመሪያ ይውጣ።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት አለበት። ሁለት የ5 ዓመት ሕፃናት ገላቸውን ሲተያዩ መገኘታቸው የፖሊስ ጉዳይ አይደለም፤ ረጋ ባለ ቃል መክሮ ማቆም ይበቃል። ጉዳዩ የሚለወጠው በልጆቹ መካከል ሰፊ የዕድሜ ወይም የጉልበት ልዩነት ሲኖር፣ ማስገደድ፣ ማባበያ ወይም "ብትናገሪ እገልሻለሁ" የሚል ዛቻ ሲኖር፣ ወይም ትልቁ ልጅ ተቆጥቶም እየተደበቀ ሲደጋግመው ነው። መመሪያው ይህን ካልለየ ሠራተኛው በአንድ በኩል ያለ ምክንያት ቤት ያምሳል፣ በሌላ በኩል እውነተኛውን ጥቃት "የልጆች ጨዋታ ነው" ብሎ ያልፋል። እስካሁን ባየነው ሁለተኛው ስሕተት ይበዛል።

ማን ከቤት ይውጣ? ብዙ ጊዜ የምትወጣው ታናሿ ናት። አያቷ ዘንድ፣ ገጠር ትላካለች፤ ትንሽ ስለሆነች ትምህርቷ አያሳስብም፣ አትከራከርም፣ መሳፈሪያዋም ቀላል ነው። ልጅቷ ግን የምትረዳው "ስለተናገርኩ ተባረርኩ" ብላ ነው። ከእናቷ ትለያለች፣ ሕክምናዋ ይቋረጣል፣ የምትሄድበትን ቤት ማንም አላየውም። ታላቁ ደግሞ ከሌሎቹ ታናናሾች ጋር እዚያው ይቀራል። ስለዚህ መነሻው ታላቁ ይውጣ የሚል መሆን አለበት። ታናሹ የሚወጣው ቤቱ ራሱ ለእሱ ደኅና ካልሆነ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ እዚያው የሚያጠቃ አዋቂ ካለ፣ ወይም ወላጅ ሕፃኑን "ውሸታም" እያለ የሚያስፈራራ ከሆነ።

ታላቁን የሚቀበለው ዘመድ ቤት ከእሱ ያነሰ ልጅ የሌለበት፣ ሌሊት አዋቂ የሚያድርበት፣ ለብቻው የሚተኛበት ፍራሽ ያለው፣ ከትምህርት ቤቱም የማይርቅ ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘመዱ እውነቱ ይነገረው። "ትምህርት ቤቱ ስለራቀው ነው" ተብሎ የተላከ ልጅ በአክስቱ ቤት ከአክስቱ ልጅ ጋር አንድ አልጋ ይሰጠዋል። ገመና ለመሸፈን ተብሎ የተነገረች ይህች ትንሽ ውሸት አደጋውን ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ታሻግራለች። ታላቁን በንዴት ወደ ጎዳና ማባረርም መፍትሔ አይደለም፤ እሱም ሕፃን ነው፣ ሌሊት መናኸሪያ አካባቢ የሚያገኘው ሰው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የሚቀበል ዘመድ ከጠፋስ? በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ "ለያዩዋቸው" ብሎ መምከር ቀልድ ነው። ለጥቂት ቀናት ማለፊያ የሚሆን ዕቅድ ግን አለ። ታናሹ ከእናቱ ጋር ግድግዳው ጥግ ይተኛል፤ ታላቁ ከአባቱ ወይም ከሌላ አዋቂ አጠገብ በክፍሉ ሌላ ጫፍ ይተኛል። ቆጥ ላይ ሁለቱም አይተኙም፤ ቆጥ ከእይታ የተሰወረ ነው። አነስተኛ አምፖል ሳይጠፋ ያድራል። ታላቁ ታናሹን አያጥብም፣ አያለብስም፣ ሽንት ቤት አያደርስም፤ ወደ ጋራ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ አዋቂ አብሮ ይወጣል። ስልክ ማታ ማታ አዋቂ እጅ ይሆናል። "ዳቦ ገዝቼ እስክመለስ እያት" የሚባል ነገር አይኖርም፤ የእናቲቱ አምስት ደቂቃ ለታላቁ በቂ ናት። የ10 ዓመቷን መካከለኛ እህት ዘብ ማቆምም ክልክል ነው፤ ጥበቃ የአዋቂ ሥራ ነው። የቤት ሠራተኛ ካለች ምን መጠበቅ እንዳለባት በግልጽ ይነገራት። እናትና አባት በፈረቃ የሚሠሩ ከሆነ በየሰዓቱ ኃላፊ የሚሆነው ሰው ስሙ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ስም ያልተጻፈበት ሰዓት ጠባቂ የሌለው ሰዓት ነው። ድካም ስላለ ይህ ዕቅድ ሳይላላ ብዙ አይቆይም። በሳምንት ውስጥ ማደሪያ ካልተገኘ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት።

ሕክምናው ይዋል ይደር አይባልም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነ ከጥቃቱ በኋላ ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። ለሕፃን መጠኑ በክብደት ይሰላል፣ ስለዚህ ሚዛን ላይ ሳይወጣ መድኃኒት የተሰጠው ልጅ ካለ ስሕተት ተሠርቷል። እናቶች በፍቅርና በድንጋጤ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማጠብ ነው፤ ከምርመራ በፊት አይታጠብ። ልብሱና አንሶላው በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሻል። 72 ሰዓቱ አለፈ ተብሎ ግን መቅረት የለም፤ የአባላዘር በሽታ ምርመራው፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱና የሥነ ልቦና ድጋፉ አሁንም አለ።

የሕክምና ማስረጃውን በተመለከተ ለጤና ሚኒስቴር የምንለው አለን። በአብዛኞቹ ጥቃት የደረሰባቸው ሕፃናት ላይ በምርመራ የሚታይ ጉዳት አይገኝም። "ጉዳት አልታየም" ማለት "አልተፈጸመም" ማለት አይደለም፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ራሱ በማስረጃው ላይ ታትሞ ቢሰጥ ብዙ መዝገብ ባልተዘጋ ነበር። "ድንግልናዋ አለ፣ የለም" የሚለው አጻጻፍም ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ይህ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና መቆም እንዳለበት አስታውቋል። ወንድ ልጆችም ይጠቃሉ፤ ለእነሱ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ትርጉም የለውም።

ሕፃኑ ሲናገር የሚሰማው ሰው ሁለት ጥያቄ ይበቃዋል፦ "ምን ሆነ?" እና "ከዚያስ?" "ወንድምሽ ነው አይደል? እዚህ ጋ ነካሽ?" የሚል ጥያቄ መልሱን አብሮ ያጎርሳል፣ ኋላም ችሎት ላይ ቃሉን ዋጋ ያሳጣዋል። ልጁ የተናገረው በራሱ ቃል ይጻፍ፤ የሰውነት ክፍልን በልጅ ስም ቢጠራ እንኳ ወደ ሕግ ቋንቋ አይለወጥ። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ማን እንደነበረ ይጨመር። "ለማንም አልናገርም" ብሎ ቃል መግባት አይገባም፤ የሚፈርስ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቃል አቀባበል በሠለጠነ ሰው አንድ ጊዜ ይሁን። እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያሉት የአንድ ማዕከል አገልግሎቶች ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያውን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኙት ለዚሁ ነው፤ ልደታ ያለው የሕፃናት ችሎትም ሕፃኑ በሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ እንዲናገር ያደርጋል። ወንድምና እህትን ፊት ለፊት አቁሞ "እውነት ነው?" ማለት ግን ዛሬም በየጣቢያው አለ። ይከልከል።

ሕጉስ? አዲስ አዋጅ አንጠይቅም። ታላቁ ከ9 ዓመት በታች ከሆነ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 52 በወንጀል ተጠያቂ አያደርገውም፤ ተገቢውን እርምጃ ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤት ወይም የአሳዳሪነት ሥልጣን ያለው አካል ሊወስድ እንደሚችል ይናገራል። ይህ አካል በየወረዳው ማን ነው? በወረቀት የተሰየመ ሰው ስለሌለ ፖሊስ መዝገቡን ይዘጋል፣ ጥበቃውም አብሮ ይዘጋል። የእናንተ መዋቅር በየወረዳው አለና ኃላፊነቱ በስም ይሰጠው። ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው ደግሞ አንቀጽ 159 አለ፤ ፍርድ ቤቱ ልጁን ለዘመድ ወይም ለታመነ ሰው በአደራ ይሰጣል፣ ተቀባዩም ስለ ልጁ ጠባይ በጽሑፍ ግዴታ ይገባል። ታላቁን አውጥቶ ማሳደር ማለት ይኸው ነው! ሕጉ ተጽፎ ሳለ ብዙ ጊዜ የማይሠራው ልጁን በአደራ ከተሰጠ በኋላ ሄዶ የሚያይ ሰው ስላልተመደበ ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው ከታሰረ ከአዋቂዎች ጋር እንዳይቀላቀል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ደንግጓል፤ የወጣት ማቆያ በሌለበት ከተማ ይህ እንዴት እንደሚፈጸም መመሪያው መናገር አለበት።

ሽምግልናን እናከብራለን፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ይጎዳል። የ6 ዓመት ልጅ "ይቅር በለው፣ ሳመው" ሲባል እምቢ ማለት አይችልም፤ ዕርቅ ወረደ ተብሎም ጥበቃው ይነሳል። ሽማግሌም፣ ነፍስ አባትም፣ እድርም መርዳት ከፈለጉ ለታላቁ ፍራሽ፣ ለሕክምና መመላለሻ ትራንስፖርት፣ ለእናቲቱም ሌሊት አብሮ የሚያድር ሰው ይፈልጉ።

ታላቁም ሕክምና ያስፈልገዋል። መጀመሪያ የሚጣራው እሱን ራሱን የሚያጠቃው ወይም ያጠቃው ሰው መኖሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ኖሮ ሳይታወቅ ከቀረ ሌላው ሁሉ ከንቱ ልፋት ይሆናል። ስልኩ ላይ ምን እንደሚያይ፣ በቤት ውስጥ ድብደባ መኖሩም ይጠየቃል። ወላጅ የተሳተፈበት ሕክምና ካገኙ ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ድርጊቱን አይደግሙትም፤ ስለዚህ "ደፋሪ" የሚል ስም በትምህርት ቤት ፋይሉ ላይ መለጠፍ ሐሰትም ጉዳትም ነው።

የመመለሱ ነገር በቀን መቁጠሪያ የሚወሰን አይደለም። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ "ክረምቱን እዚህ ይክረም"፣ ፋሲካ ሲደርስ "ለበዓል ብቻ" ተብሎ የሚመጣ ልጅ አለ፤ ብዙ የተደከመበት ዕቅድ የሚፈርሰው በበዓል ነው። መመለስ የሚታሰበው የሁለቱም ሐኪሞች ሲስማሙ፣ ታላቁ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ሳያመካኝ መናገር ሲችል፣ ታናሹም ለብቻው ተጠይቆ ሲፈቅድ ነው። መጀመሪያ በባለሙያ ቢሮ ለግማሽ ሰዓት ይገናኙ፤ ታናሹ በፈለገ ጊዜ መውጣት ይችላል። ቀጥሎ ቀን ቀን፣ አዋቂ ባለበት፣ ቤት ውስጥ። ሌሊት የመጨረሻው ነው። ከእያንዳንዱ ግንኙነት በኋላ ባሉት ቀናት አልጋ ላይ መሽናት ከተመለሰ፣ እናቱን አልለቅም ካለ፣ ወይም ምግብ ከተወ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይኬዳል።

የምንጠይቀው ቅጽ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ዛሬ ማታ ማን የት እንደሚያድር፤ በየሰዓቱ ኃላፊው ማን እንደሆነ፤ ጥቃቱ ከደረሰ ስንት ሰዓት እንዳለፈና ወደየትኛው ጤና ተቋም እንደተላከ፤ በቤቱ ሌላ ሕፃን መኖሩና እሱም መጠየቁ፤ ታላቁን የተቀበለው ዘመድ ስሙና እውነቱ የተነገረው መሆኑ። ከታች የወላጅ፣ የተቀባዩ ዘመድና የሠራተኛው ፊርማ፣ የሠራተኛው ስልክ ቁጥር፣ እንዲሁም በ48 ሰዓት ውስጥ ቤቱን ሄዶ የሚያይበት ቀንና ሰዓት።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕፃናት ጥበቃ ሥራ የተሰማራን የማኅበራዊ ሥራ፣ የጤናና የሕግ ባለሙያዎች