ድምፃዊው የሄደበት ባንድ

ወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ዓመታት ሆኑ። ያንተንም ሩጫ፣ የኔንም የማንችስተር ኑሮ ሁለታችንም እናውቀዋለንና ወረቀቱን በምክንያት አልሞላውም።

እህትህ ሰሞኑን ደውላልኝ ነበር። ድምፃዊያችሁ ባንዱን ጥሎ እንደሄደ ነገረችኝ። አንተም "ከእንግዲህ ምን ባንድ አለ?" ብለህ ልምምድ አቁመሃል አሉ። አልዋሽህም፣ ከፋኝ። ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁና ልጽፍልህ ቆረጥኩ።

የምጽፍልህ ስለ አንድ ባንድ ነው። የዚሁ የማንችስተር ልጆች ናቸው፣ በዝኮክስ ይባላሉ። ፓንክ የሚባለው የሮክ ሙዚቃ ያለውን ፍጥነትና ጩኸት አፍ ላይ ከሚቀር ዜማ ጋር ያጋቡ፣ ዛሬ ፖፕ ፓንክ ለሚባለው ሁሉ መንገድ የጠረጉ ልጆች። የእነሱም ድምፃዊ ገና በጠዋቱ ጥሏቸው ሄዷል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌልሃለሁ።

1976 መጀመሪያ ላይ ነው። ከማንችስተር አጠገብ ባለችው ቦልተን ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። አንዱ ፒት ሼሊ፣ ሌላው ሃዋርድ ዲቮቶ። ሁለቱም ስሞች ለመድረክ የወጡ ናቸው። ጋዜጣ ላይ ሴክስ ፒስትልስ ስለሚባለው የለንደን ፓንክ ባንድ የተጻፈ ነገር ያነቡና መኪና ተውሰው ወደ ለንደን አካባቢ ይነዳሉ። ሄደው አዩአቸው። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። አድንቀው ብቻ አልተመለሱም። ፒስትልስን ወደ ማንችስተር ጠርተው ኮንሰርቱን ራሳቸው አዘጋጁት። አዳራሽ ተከራዩ፣ ትኬት ሸጡ።

ቀኑ ጁን 4፣ 1976 ነበር። ቦታው ሌሰር ፍሪ ትሬድ ሆል፣ በትልቁ ፍሪ ትሬድ ሆል ሕንፃ ውስጥ ፎቅ ላይ የነበረችው ትንሿ አዳራሽ ናት። ሕንፃው ዛሬ ሆቴል ሆኗል። እኔም ከሥራ ስወጣ አንዳንዴ በደጁ አልፋለሁ። ያን ማታ የገባው ሰው 40 ገደማ ነበር ይባላል። ግን ማን እንደነበረበት ተመልከት። በኋላ ጆይ ዲቪዥን የሚባለውን ባንድ የመሠረቱት በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ ነበሩ። ዘ ፎል የሚባለው ባንድ መሪ ማርክ ኢ ስሚዝ ነበረ። በኋላ የዘ ስሚዝስ ባንድ ድምፃዊ የሆነው ሞሪሲም ነበረ። ሁክማ በማግስቱ ሄዶ ቤዝ ጊታር ገዛ።

በዝኮክስ ራሳቸው ያን ማታ ሊጫወቱ አስበው ነበር። ሰው ስላልተሟላ አልሆነላቸውም። ቤዝ ተጫዋቻቸውን ስቲቭ ዲግልን ያገኙት ግን እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። ዲግል ከሌላ ሰው ጋር ተቀጣጥሮ ቆሞ ነበር። የፒስትልስ ማናጀር ማልኮም ማክላረን የሚጠብቁት ሰው መስሎት አስገብቶ አስተዋወቃቸው። ድራመሩ ጆን ማኸር ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ጁላይ 20 ላይ፣ አንድ ወር ተኩል ብቻ ቆይተው፣ እዚያው አዳራሽ መድረክ ላይ ወጡ።

ቀጥሎ ያለውን ልብ ብለህ አንብብልኝ። በዚያን ጊዜ ሸክላ ማሳተም የፈለገ የለንደን ሙዚቃ ቤቶችን ደጅ መጥናት ነበረበት። እነዚህ ልጆች ደጅ አልጠኑም። 500 ፓውንድ ተበደሩ፤ ካበደሯቸው አንዱ የሼሊ አባት ነው። ዲሴምበር 28፣ የፈረንጅ ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ማንችስተር ውስጥ ኢንዲጎ ስቱዲዮ ገብተው አራት ዘፈን ቀድተው ወጡ። ፕሮዲውሰሩ ማርቲን ሃኔት ነበር፤ ኋላ ጆይ ዲቪዥንን የቀዳው ሰው። ኒው ሆርሞንስ የሚባል አሳታሚ ራሳቸው አቋቁመው ጃንዋሪ 29፣ 1977 ሸክላውን አወጡ። ስሙ "ስፓይራል ስክራች" ነው። መጀመሪያ 1,000 አሳተሙ፣ አለቀ። ደግመው ደጋግመው አሳተሙ፣ 16,000 ደረሰ።

ይህን ሸክላ አንድ ወዳጄ ቤት በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ፊቱ ላይ ያለው ፎቶ በፖላሮይድ የተነሳ ነው። ማናጀራቸው ሪቻርድ ቡን እዚሁ ማንችስተር ፒካዲሊ፣ ሐውልት ሥር አቁሞ ያነሳቸው ነው። ጀርባውን ስታዞረው ደግሞ ከየዘፈኑ ስም አጠገብ ስንተኛው ሙከራ ላይ እንደተቀዳ፣ በላዩም ምን እንደተጨመረበት ተጽፏል። አንዱ በሦስተኛው ሙከራ፣ ምንም ሳይጨመርበት። ሌላው በመጀመሪያው፣ ጊታር ብቻ ተጨምሮበት። አየህ? አሠራሩን ምስጢር አላደረጉትም። ያየው ልጅ ሁሉ "ይሄማ እኔም አያቅተኝም" እንዲል ነው። ብዙዎችም አሉ። ከዚያ በኋላ በየከተማው በራሱ ገንዘብ ሸክላ የሚያሳትመው ባንድ በረከተ።

"ቦርደም" የሚለው ዘፈን ውስጥ ያለው የጊታር ሶሎ ሁለት ኖታ ነው። ሁለት! ያችኑ ይመላልሳታል። አንተ ሌሊቱን ስኬል ስትወጣ ስትወርድ የምታድረው ሰው መጀመሪያ ስትሰማው ትናደድ ይሆናል። ሁለተኛ ስማው። መሰልቸትን ከዚያ አብልጦ የሚናገር ጊታር እኔ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ሸክላው ወጥቶ፣ ስማቸው መነሳት ሲጀምር ዲቮቶ ለቀቀ። መድረክ ላይ አብረው የቆሙት ከአሥር ጊዜ ብዙም አይበልጥም። ድምፃዊው እሱ ነበር፣ ግጥምም ጸሐፊ ነበር፣ ሰው ሲያይ የሚያየው እሱን ነበር። ሄደና ማጋዚን የሚባል ሌላ ጥሩ ባንድ መሠረተ።

ሼሊ ምን አደረገ? ድምፃዊ ፍለጋ አልወጣም። ማይኩን ራሱ ያዘ። ድምፁን ብትሰማው ቀጭን ነው። ከፍ ሲል ሊሰበር የደረሰ ይመስላል፣ የሰሜን እንግሊዝ ዘዬው እንዳለ ይወጣል። የፓንክ ድምፃዊ ሲባል ዓይንህ ላይ የሚመጣው ዓይነት ሰው አይደለም። ግን ያ ድምፅ ነው ሁሉን ነገር የለወጠው። ዲቮቶ ሲዘፍን ይሳለቃል፤ ሼሊ ሲዘፍን ይለምናል። ዲግል ቤዙን ትቶ ወደ ጊታር መጣ። ቤዙ ላይ ሰው ተቀያይሮ በስቲቭ ጋርቪ ረጋ። ሼሊ፣ ዲግል፣ ጋርቪ፣ ማኸር። ዓለም በዝኮክስ ብሎ የሚያውቃቸው እነዚህን አራቱን ነው። ድምፃዊያቸው የሄደ ዕለት ተበትነው ቢሆን ኖሮ ከዚህ በታች ከምነግርህ ውስጥ አንዱም አይኖርም።

ኦገስት 16፣ 1977 ዩናይትድ አርቲስትስ ከሚባለው ሙዚቃ አሳታሚ ጋር ተፈራረሙ፤ ዘፋኙ ኤልቪስ ፕሪስሊ የሞተበት ቀን ነው። በ1978 ብቻ ሁለት አልበም አወጡ።

አሁን ስለ አንዷ ዘፈን ልንገርህ። ኖቬምበር 1977 ለሥራ ወጥተው ኤዲንብራ ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አድረው ነበር። ማታ ቴሌቪዥን ላይ "ጋይስ ኤንድ ዶልስ" የሚባለው የድሮ ፊልም ይታያል። ከፊልሙ አንዲት ንግግር ሼሊ ጆሮ ውስጥ ቀረች። በማግስቱ ዋናው ፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመው ቫን ውስጥ ቁጭ ብሎ ግጥሙን ጻፈው። "ኤቨር ፎለን ኢን ላቭ" ማለት ያ ነው። ሊያፈቅሩት የማይገባን ሰው ስለማፍቀር የተዘፈነ ነው፤ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ሴፕቴምበር 1978 ወጥቶ እንግሊዝ ሰንጠረዥ ላይ 12ኛ ደረሰ። ከነጠላ ዜማዎቻቸው ሁሉ ከፍ ያለው ይሄ ነው። በ1987 ፋይን ያንግ ካኒባልስ የሚባሉ ሌላ ባንድ በራሳቸው መንገድ ተጫወቱትና 9ኛ አደረሱት።

ሌሎቹ ፓንኮች ስለ መንግሥትና ስለ ረብሻ ሲጮኹ ሼሊ ስለ ልብ መሰበር ጻፈ። ጊታሩ እንደነሱ ይፈጥናል፣ ድራሙ እንደነሱ ይደበድባል። በላዩ ግን የተጎዳ ሰው ነው የሚያወራው። ወንድም ሴትም እንደሚወድ የማይደብቅ ሰው ነበር። ግጥሞቹም ተዘፋኙ ወንድ ይሁን ሴት አይለዩም፤ ሰሚው ሁሉ የራሱን ሰው እንዲያስገባበት አድርጎ ነው የጻፋቸው። እኔ የዚህን ባንድ ዘፈን ስሰማ ሁልጊዜ የሚነካኝ ይሄ ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ምንም አይዋሽህም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1979 ሦስተኛው አልበም ወጣ። በጉዟቸውም ጆይ ዲቪዥንን ይዘው ዞሩ። ድካም መጣ፣ ገንዘብ ጠፋ፣ አሳታሚያቸው በሌላ ኩባንያ ተጠቀለለ። በ1981 ተበተኑ። ሼሊ ብቻውን ሠራ፤ በዚያው ዓመት ያወጣውን "ሆሞሳፒየን" የሚል ዘፈን ቢቢሲ ከለከለው። በ1989 እንደገና ተሰባሰቡ። ፌብሯሪ 1994 የአሜሪካው ባንድ ኒርቫና አውሮፓን ሲዞር ከፊት የሚጫወቱት እነሱ ነበሩ። የኒርቫና ድምፃዊ የኩርት ኮቤይን የመጨረሻ ጉዞ ነው። ልብ በል፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሚያንሷቸው ልጆች ናቸው ጠርተው ያስቀደሟቸው።

ሼሊ በ2012 ወደ ኢስቶኒያ፣ ታሊን ሄዶ መኖር ጀመረ። ዲሴምበር 6፣ 2018 እዚያው በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞተ። 63 ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጁን ወር ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ሊጫወቱ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። አልሰረዙትም። የመታሰቢያ ኮንሰርት አደረጉትና እንግዶች በእሱ ቦታ ዘፈኑ።

እንግዲህ ይሄ ባንድ ድምፃዊ ሲያጣ ሁለተኛው ነው። በዚህኛው ጊዜ ማይኩን የያዘው ዲግል ሆነ፤ ያ በስህተት አዳራሽ የገባው ቤዝ ተጫዋች። በ2022 "ሶኒክስ ኢን ዘ ሶል" የሚባል አልበም አወጣ። "ያለ ሼሊ በዝኮክስ የለም" የሚሉ አሉ፤ ሐዘናቸው ይገባኛል። እኔ ግን አልስማማም። ከመጀመሪያው ቀን መድረክ ላይ የነበረ ሰው የራሱን ዘፈን ተጫውቶ ማን ነህ ሊባል አይገባውም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ባንዳችሁ ውስጥ ዜማውን የምትሠራው አንተ ነህ። ግጥሙንም ግማሹን አንተ ነህ የምትጽፈው። ከኋላ ሆነህ ስትቀበልም ሰምቼሃለሁ። ድምፄ ቀጭን ነው እያልክ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ትላለህ። ከአሁን በኋላ ይህን ምክንያት አልቀበልህም። አንተ ዝፈን። ልጆቹ አብረውህ እንደሚቆሙ እህትህ ነግራኛለች፤ የሚጠብቁት አንተን ነው።

ለመስማት ከ"ሲንግልስ ጎይንግ ስቴዲ" ጀምር። የነጠላ ዜማዎቻቸው ስብስብ ነው። ስምንቱ የፊት ገጽ ዘፈኖች መጀመሪያ ይመጣሉ፣ ስምንቱ የጀርባዎቹ ይከተላሉ። ከነሱ ውስጥ "ዋት ዱ አይ ጌት" የሚለውን ለብቻህ ደጋግመህ ስማ፤ ኮርዱ ቀላል ነው፣ አንድ ከሰዓት ይበቃሃል። ከዚያ ያቺን ለድምፃዊያችሁ ብለህ የጀመርካትን ዘፈን አንተው ዝፈናትና በስልክህ ቅዳት። ስቱዲዮ አትጠብቅ። በቴሌግራም ላክልኝ፣ ያልወደድኩትንም ሳልደብቅ እነግርሃለሁ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ለልጆቹም ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ያንተው ወንድምህ