ያስፈራሽን ገጽ ንገሪያቸው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽም ሰላም ብላሻለች። የላክሻቸው ሁለት መጻሕፍት ደርሰውናል። የወንጀል ምርመራውን ልብ ወለድ ጨርሼዋለሁ፤ የሳይንስ ልብ ወለዱን እያነበብኩ ነው።

ከመጻሕፍቱ ጋር የላክሽው ማስታወሻ ግን አሳሰበኝ። በንባብ ክበባችሁ ተራሽ ሲደርስ ይህንኑ የምርመራ ታሪክ ልታቀርቢ አስበሽ፣ «እሱማ የጊዜ ማሳለፊያ ነው» ስላሉሽ ቁም ነገር አለው በሚባል ሌላ መጽሐፍ ልትለውጪው ነው። አትለውጪው። እንቅልፍ የነሳሽን መጽሐፍ ትተሽ እያዛጋሽ የጨረስሽውን ብታወድሺ፣ ማዛጋትሽ ከድምፅሽ ይታወቃል።

እኔ እንዴት እንዳነበብኩት ልንገርሽ። የምወደው ቦታ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጬ ጀመርኩት፤ ብርሃን ሲከለክለኝ ወደ ቤት ገብቼ ቀጠልኩ። እስከ አጋማሹ ድረስ ገዳዩ የሟች ወንድም ነው ብዬ ነበር። ውርሱም፣ ጠቡም፣ የጠፋው ቁልፍም ወደ እሱ ይጠቁማሉ። ከዚያ ያ ጃንጥላ ትዝ አለኝ! በጥር ወር፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ ከበሩ ጥግ የቆመ እርጥብ ጃንጥላ። ደራሲው ገና በሁለተኛው ምዕራፍ ዓይኔ ሥር አስቀምጦልኝ፣ በዚያው ገጽ ወንድማማቾቹን አጣልቶ ሐሳቤን ወሰደው። ወደ ኋላ ገልጬ ሳገኘው በደስታ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ፍንጩን ደብቆ በመጨረሻው ገጽ የሚያወጣ ደራሲ አንባቢውን ይንቃል። አሳይቶ የሚያዘናጋ ግን ያከብረዋል፤ ለማወቅ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰጥቶታልና። ክበቡ ውስጥ ማንም «ተራ ነገር» ቢልሽ፣ እንዲህ ያለ አንድ ገጽ መጻፍ ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ አስረጂው።

መርማሪው ከጋዜጠኛዋ ጋር የጀመረው ፍቅር ግን አልጣመኝም። ምርመራው በጋለበት ሰዓት ታሪኩን ያቆመዋል። ይህንንም ሳትሸሽጊ ተናገሪ፤ ጉድለቱን የሰማ ሰው ምስጋናሽን ያምናል። እናትሽ ደግሞ ከእኔ ቀጥላ አንብባ ገዳዩን እኔ ካወቅሁበት ቀደም ባለ ገጽ ላይ አወቀችው። ጃንጥላውን ከነአካቴው አላስተዋለችውም። ገዳዩን የጠቆማት፣ በታሪኩ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ቡና ስታፈላ ያቀረበችው የስኒ ቁጥር ነው። እኔ ያንን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቤው ምንም አልታየኝም ነበር። አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሰው ሁለት በር ሲከፍት ደስ ይላል።

ቁም ነገር ለሚሉሽ ሰዎች ስለ ጦቢያ ንገሪያቸው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ታተመ። ጸሐፊው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለደው እዚሁ ጣና ዳር፣ ዘጌ ነው። በውስጡ ጦርነት አለ፣ ምርኮ አለ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝ ልጃገረድ አለች። ልብ ሰቃይ ጀብዱ ነው! የአማርኛ ልብ ወለድ የተጀመረው በዚህ ከሆነ፣ የጀብዱና የምርመራ ታሪክ ወዳጆች አንገታቸውን የሚደፉበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞም አንባቢዎች በዚህ ዓይነት ታሪክ ምን ያህል እንደሚነኩ የእንግሊዞቹን ነገር ተመልከቺ። አርተር ኮናን ዶይል መርማሪውን ሸርሎክ ሆምስን እ.ኤ.አ. በ1893 ገደለው። አንባቢዎቹ ግን አልተቀበሉትም፤ በቁጣ ደብዳቤ ጻፉ። በ1903 ደራሲው ሰውየውን በሕይወት መለሰው። ለጊዜ ማሳለፊያ ማን እንዲህ ይቆጣል?

አስፈሪ ታሪኮችንም አትናቂ። ሕፃን ሳለሽ በጀልባ ወደ ዘጌ ወስደንሽ፣ ገዳሙ ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብእን ሥዕል አይተሽ በእናትሽ ነጠላ ተሸፈንሽ። ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው፣ በመጨረሻም በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነ። ቅዱሱን ታሪክ ከልብ ወለድ ጋር እኩል ማድረጌ አይደለም። ነገር ግን ከወጣን በኋላ «እንደገና እንየው» ብለሽ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ። ሰው የፈራውን መልሶ ማየት የሚፈልግበትን ምክንያት ከዚያ ቀን ጀምሮ አስብበታለሁ፤ ከፍርሃቱ በስተጀርባ ምሕረት ይኖር ይሆን ብሎ ይመስለኛል።

የሳይንስ ልብ ወለዱ የመጀመሪያ ታሪክ፣ ዝናብ በራሽን የሚታደልበት ከተማ፣ ይዞኛል። ጎረቤቴ ርዕሱን ሰምቶ «የማይሆን ነገር» አለኝ። በአያቶቻችን ዘመን አንድ ደራሲ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው፣ በሳምንታት ውስጥ እጥፍ የሚሆን አረም ጣናን ይሸፍናል፣ ታንኳም መቅዘፊያም ይይዛል ብሎ ቢጽፍ ምን ይሉት ነበር? እንቦጭን ግን በዓይናችን አየነው። ጎረቤቴ ይህን ስነግረው መጽሐፉን ለማንበብ ተራ ያዘ። እሱ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ስለ ጠፈር መንኮራኩር ባወራለት ኖሮ ይሄድብኝ ነበር።

ስታቀርቢም እንዲሁ አድርጊ። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትተርኪው፤ የተተረከ የምርመራ ታሪክ ማንም አይገዛውም። የቱ ገጽ ላይ መብራት ማጥፋት እንዳቃተሽ፣ ማንን እንደጠረጠርሽ፣ የት ላይ መጽሐፉን ዘግተሽ ግድግዳ እንዳየሽ ንገሪያቸው። ጃንጥላውንና ስኒዎቹን ግን አደራ፣ አንድም ቃል እንዳይወጣሽ። ከመካከላቸው ሐዘን ላይ ያለ ሰው ካለ ደግሞ፣ መጽሐፉ በቀብር እንደሚጀምር ለብቻው አስቀድመሽ ንገሪው፤ ለእሱ ሌላ ጊዜ ይሻለዋል።

ማን ማንን እንደጠረጠረ አንድ በአንድ ጻፊልኝ። እናትሽ ስኒዎቹን ያስተዋለ ሌላ ሰው መኖሩን ማወቅ ትፈልጋለች። የዚያው ደራሲ ሁለተኛ መጽሐፍ ወጥቷል ብለሽኝ ነበር፤ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኚ ላኪልን።

አባትሽ
ከባሕር ዳር