ሱጁድ የሌለበት መጠይቅ

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የደሴ ብርድም አንተ እንደምታውቀው ነው። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ መካሰሱ ይቅርብን።

አሁን ለፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና አስተምራለሁ። ጥናት ፍለጋው ብዙም አያስቸግርም፤ ፔድሮ የሚባለው የፊዚዮቴራፒ ጥናቶች የኢንተርኔት ማውጫ በነጻ ይከፈታል፣ ለሙከራ ጥናቶቹም ጥራታቸውን አይቶ ከ10 ነጥብ ይሰጣል (ኔትወርክ ካለ ማለቴ ነው)። ጭንቁ መምህርን "ከየት አመጣኸው?" ማለት ነውር የሚመስላቸው ልጆች ናቸው። አንድ ቀን ሆን ብዬ "ወገቡን ድንገት ያመመው ሰው ሳምንት ሙሉ ይተኛ" አልኳቸው። አንድም ሳይጠይቅ ጻፉት! ከዚያ ጥናቱን አስፈለግኳቸው። ከመተኛት ይልቅ እንደቻሉ መንቀሳቀስ እንደሚሻል ሲያነቡ ከደብተራቸው ሰርዘው እኔን በጎሪጥ ያዩኝ ጀመር። ደስ አለኝ።

ግን ጥናት ብቻውን ሕክምና አይሆንም፤ ማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምናን ምንነት ያብራሩት እነ ሐኪሙ ዴቪድ ሳኬት እ.ኤ.አ. በ1996 የባለሙያውን ልምድና የታካሚውን ፍላጎት አብረው የጠሩት ለዚህ ነው። ይኼን ያስተማሩልኝ ከኩታበር የመጡ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ናቸው። አንዷ ተማሪዬ ዎማክ በሚባለው የጉልበትና የዳሌ ሕመም መጠይቅ "ከመኪና ሲወርዱስ? ከመታጠቢያ ገንዳ ሲወጡስ?" ስትላቸው፣ "የምን ገንዳ ልጄ? እኔን ያቃተኝ ሱጁድ መውረድ ነው" አሏት።

ልጆቹ ገንዳውን አውጥተን ሱጁድ እናስገባ አሉ። እንቢ አልኩ፤ መጠይቁን እንደፈለግን ቆራርጠን ነጥቡን ከሌሎች ጥናቶች ጋር ማነጻጸር አይሆንማ። ፈልገው ፈልገው ታካሚው ራሱ ያቃተውን ሥራ እየጠራ ከ0 እስከ 10 የሚመዝንበትን መለኪያ አገኙ። የኩታበሯ እናት ለሱጁድ 2 ሰጡ። የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ጀመሩ፤ ለጉልበት መገጣጠሚያ መበላት (ኦስቲዮአርትራይተስ) ደህና ማስረጃ ካላቸው ነገሮች አንዱ ነው። ኋላ 5 ሲሉ ክፍሉ በእልልታ ሊፈርስ!

ያቺው ተማሪ ግን እጇን አወጣች፦ "መምህር፣ በራሱ ጊዜ ተሽሏቸው ቢሆንስ? በአንድ ሰው እንዴት እናውቃለን?"

አብሽሪ አልኳት፤ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት የሷ ጥያቄ ሆነ።

በአማርኛ ተተርጉሞ በታካሚዎች የተፈተነ የጉልበት መጠይቅ እጅህ ላይ ካለ ላክልኝ። ስትመጣም ክፍሌ ግባና እነሱ ፊት ተከራከረኝ።

ወንድምህ፣ ከደሴ